የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ኢንተርኔት ለማስገባት ኢንተርኔት ሲጠየቅ

ከጎንደርና ከአካባቢዋ በዚህ ወር የደረሱን ጥያቄዎች አንድ ጣጣ ላይ ያርፋሉ። ሊኑክስ የተጫነበት ኮምፒውተር ደውሎ ኢንተርኔት እንዲገባ ሲፈለግ «ይህ ፓኬጅ (ተጠቅልሎ የሚጫን ፕሮግራም) ይጎድላል» እያለ ያስቸግራል። የትእዛዞቹን ስም በፊደላችን ያሰፈርነው እንደሚነበቡ ነው፤ ኪቦርድ ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደል ይተየባሉ። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግበት ቦታ ሲመጣ እንናገራለን።

ጥያቄ፦ ለቢሯችን አሮጌ ኮምፒውተር ኡቡንቱ 10.04 የሚባለውን ሊኑክስ ጭኛለሁ። ሞደሙ በሲሪያል ገመድ የሚገናኝ የውጭ ሞደም ነው። ለመደወል «ደብልዩቪዳያል» ብዬ ስጽፍ «ኮማንድ ኖት ፋውንድ» (ትእዛዙ አልተገኘም) አለኝ። ፒያሳ ወጥቼ ፓኬጁን በፍላሽ አመጣሁ፤ ሊብዩኒኮንፍ የለም አለ። እሱንም አመጣሁ፤ አሁን ደግሞ ሌላ ይጠይቃል። ስንት ጊዜ ልመላለስ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ ያመላለሰዎት ፓኬጆቹን አንድ በአንድ መልቀምዎ ነው። ደብልዩቪዳያል ብቻውን አይቆምም። በ10.04 ላይ ከራሱ ሌላ ሦስት አጃቢዎች አሉት፦ ሊብዩኒኮንፍ 4.6፣ ሊብደብልዩቪስትሪምስ 4.6 ቤዝ፣ እንዲሁም የዚሁ ኤክስትራስ የሚባለው። ቁጥሩ 4.4 የሆነ የቀድሞ እትም ቢገኝ እንኳ 4.6ን አይተካም። የኮምፒውተሩም ዓይነት መግጠም አለበት፤ ባለ 32 ቢት ላይ ለ64 ቢት የተዘጋጀ ፓኬጅ አይገባም።

ሆኖም ከነጭራሹ ፒያሳ መውጣት ላያስፈልግዎ ይችላል። ብዙዎች የማያውቁት ነገር፣ ፒፒፒ የሚባለው ዋናው ፓኬጅና ፒፒፒኮንፊግ የሚባለው ማስተካከያ ከዚህ ኡቡንቱ ጋር አብረው ተጭነው ነው የሚመጡት። ደብልዩቪዳያል ሥራውን የሚያቀል ደዋይ ነው እንጂ፣ መስመሩን ይዞ የሚያቆየው ፒፒፒ ነው። ስለዚህ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው «ሱዱ ፒፒፒኮንፊግ» ይበሉ፤ ሱዱ ትእዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስፈጽም ነው። ሰማያዊ ገጽ ይመጣል። አዲስ ግንኙነት የሚለውን መርጠው ስሙን «ፕሮቫይደር» እንዳለ ይተዉት። ስለ ስም ሰርቨር (ኔምሰርቨር) ሲጠይቅ «ዳይናሚክ»፣ የይለፍ ዘዴ ሲጠይቅ «ፓፕ» ይምረጡ። ቀጥሎ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል፣ ፍጥነት 115200፣ አደዋወል «ቶን»፣ ከዚያ ውልዎ ላይ የተሰጠዎትን የመደወያ ቁጥር ያስገቡ። ሞደሙ የተሰካበት ወደብ በዊንዶውስ ኮም1 የሚባለው ከሆነ በሊኑክስ /ዴቭ/ቲቲዋይኤስ0 ነው፤ እዚህ ላይ «ኤስ» ትልቅ ፊደል ነው፣ መጨረሻው ዜሮ። አስቀምጠው ይውጡና «ሱዱ ፖን» ብለው ይደውሉ። «ሱዱ ፒሎግ» ምን እየሆነ እንዳለ ያሳያል፤ ለመዝጋት «ሱዱ ፖፍ»።

ቢሮው የውስጥ ማዞሪያ ካለው ከቁጥሩ በፊት የውጭ መስመር መያዣውን፣ ለምሳሌ 9ን፣ ከዚያ ኮማ ያስገቡ። ኮማው ሞደሙን ወደ 2 ሴኮንድ ያህል ያስጠብቀዋል። ያለሱ መስመሩ ሳይከፈት ቁጥሩን ይጨርሳል።

ደብልዩቪዳያልን የግድ ከፈለጉ ግን ዝርዝሩን እርስዎ አይገምቱ፤ ራሱ ሲስተሙ ያውጣው። የጫኑበትን ያንኑ የ10.04 ሲዲ ይዘው ኢንተርኔት ያለው ኮምፒውተር ዘንድ ይሂዱ። ባለቤቱን አስፈቅደው ሲዲውን አስነስተው «ሳይጭኑ መሞከር» የሚለውን ይምረጡ፤ ሃርድ ዲስኩ አይነካም። ከሲዲው የተነሳው ሲስተም ያለውም የጎደለውም ልክ እንደርስዎ አዲስ ጭነት ነው፤ ስለዚህ የሚያወርደው እርስዎ ጋ የሌለውን ብቻ ነው፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ። የ2010 (እ.ኤ.አ.) ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ የአዲስ ኮምፒውተርን የኔትወርክ ካርድ ላያውቀው ስለሚችል ከሚያገኟቸው ኮምፒውተሮች አሮጌውን ይምረጡ።

አሁን አንድ ወጥመድ አለ። 10.04 ዕድሜው ያለፈ እትም ስለሆነ ፓኬጆቹ ወደ አሮጌ እትሞች ማከማቻ ተዛውረዋል። አድራሻው ካልተቀየረ «404» የሚል ስህተት ይመጣልና ፓኬጁ ከዓለም የጠፋ ይመስላል። /ኢቲሲ/አፕት/ሶርስስ.ሊስት የሚባለውን ፋይል ከፍተው «አርካይቭ» ነጥብ «ኡቡንቱ» ከሚለው ውስጥ «አርካይቭ»ን በ«ኦልድ ሰረዝ ሪሊዝስ» ይተኩ። «ሴኩሪቲ» የሚለውንም እንዲሁ። በተጫነ ኮምፒውተር ላይ አገሩን ኢትዮጵያ ብለው መርጠው ከሆነ ከፊቱ «ኢቲ» ነጥብ ይኖራል፤ እሱም አብሮ ይወጣል። በመስመሮቹ ላይ «ዩኒቨርስ» የሚለው ክፍል ከተዘጋ ይክፈቱት።

ከዚያ «ሱዱ አፕት-ጌት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «ሱዱ አፕት-ጌት ሰረዝ ዲ ኢንስቶል ደብልዩቪዳያል»። ሰረዝ ዲ ማለት አውርድ እንጂ አትጫን ነው። ፋይሎቹ /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ይቀመጣሉ። ኮምፒውተሩን ሳያጠፉ ወደ ፍላሽ ይቅዱ፤ ከሲዲ የተነሳ ሲስተም ሲጠፋ የወረደው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። መብራት መሄዱንም አይርሱ።

ቢሮ ሲመለሱ ፋይሎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርገው እዚያው ተርሚናል ይክፈቱና «ሱዱ ዲፒኬጂ ሰረዝ አይ ኮከብ ነጥብ ዴብ» ይበሉ። ኮከቧ «ሁሉንም» ማለት ናት። ሁሉም በአንድ ትእዛዝ ሲገቡ ቅደም ተከተል ማሰብ አይጠበቅብዎትም። «አንኤክስፔክትድ ኢንድ ኦፍ ፋይል» ካለ ፋይሉ ሳያልቅ ነው የተቀዳው።

ኢንተርኔት በሌለበት «አፕት-ጌት ሰረዝ ኤፍ ኢንስቶል» አይበሉ። ብዙ መመሪያ ላይ ለጎደለ አጃቢ ፓኬጅ መድኃኒት ተብሎ ይጻፋል፤ ማውረድ ሲያቅተው ግን የሚያቀርበው መፍትሔ ያመጡትን ደብልዩቪዳያል ማስወገድ ነው። «ዋይ» ብለው ከተስማሙ ድካምዎ መና ቀረ።

ከተጫነ በኋላ «ሱዱ ደብልዩቪዳያልኮንፍ» ሞደሙን ፈልጎ /ኢቲሲ/ደብልዩቪዳያል.ኮንፍ የሚባል ፋይል ይጽፋል። ስልክ፣ ስምና የይለፍ ቃል የሚሉት ሦስት መስመሮች ፊት ነጠላ ሰረዝና ነጥብ የተደራረበባት ምልክት አለች። ቁጥሩን ሞልተው ምልክቷን ካላጠፉ መስመሩ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። «ኖ ዳያልቶን» እያለ ካስቸገረ «ኢኒት3 እኩል ይሆናል ኤቲኤክስ3» የሚል መስመር ይጨምሩ፣ «ኤቲኤክስ» በትልቅ ፊደል። ሞደሙ የመስመሩን ድምፅ ሳይጠብቅ ይደውላል።

ጥያቄ፦ ዴስክቶፔ ውስጥ የተሰካ ፒሲአይ ሞደም አለ። ዴቢያን 6 የሚባለውን ሊኑክስ ከትንሹ ኔትኢንስት ሲዲ ጫንኩ። ድራይቨሩን ልገነባ ስል መጀመሪያ «ሜክ» የለም አለ፤ እሱ ሲገባ ጂሲሲ የለም አለ፤ አሁን ደግሞ የከርነል ሄደር ይላል። (ከማራኪ)

መልስ፦ መጀመሪያ «ኤልኤስፒሲአይ» ብለው የቺፑን ስም ይዩ። ኮኔክሳንት፣ አጊር ወይም ሉሰንት፣ ስማርት ሊንክ፣ ኢንቴል 537 ካለ ሞደሙ ሥራውን ለፕሮሰሰሩ የሚያሸክም «ዊንሞደም» ነው። ድራይቨር ካልተገነባለት ሊኑክስ እንደ ሞደም አያየውም።

ለመገንባት ሜክና ጂሲሲ የሚባሉት መገንቢያዎች፣ እንዲሁም ከሚሠራው ከርነል ጋር በቁጥር አንድ የሆነ ሄደር (ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር እንዲገጥም የሚያስፈልጉ ፋይሎች) ይፈለጋል። «ዩኔም ሰረዝ አር» ብለው ቁጥሩን ይጻፉ። በዴቢያን 6 ባለ 32 ቢት ብዙ ጊዜ 2.6.32-5-686 ይላል። ሄደሩም በዚሁ ስም የሚያልቀው ነው፤ አጠገቡ «ኮመን» የሚለው ወንድሙና ኬቢልድ የሚባለው ፓኬጅ አብረው ካልመጡ አይጫንም። ከ686 በፊት ያለው ቁጥር 5 በሆነበት 4 ቢያመጡ ቢገነባም አይሠራም።

ይህን ሁሉ በፍላሽ ከመልቀም ሙሉውን የዴቢያን 6 የመጀመሪያ ዲቪዲ ከሰው ይዋሱ። ኔትኢንስት ስሙ እንደሚለው ቀሪውን ከኔት እንዲያወርድ የተሠራ ነው፤ መሠረቱን ብቻ ነው የያዘው። ዲቪዲውን አስገብተው «ሱዱ አፕት-ሲዲሮም አድ» ሲሉ ሲስተሙ እንደ ኢንተርኔት ማከማቻ ይቆጥረዋል፤ ከዚያ «አፕት-ጌት ኢንስቶል ቢልድ-ኢሴንሻል» እና ሄደሩን ማለት ነው። ሱዱ የለም ካለ «ኤስዩ» ብለው የሩት ይለፍ ቃል ይስጡ።

የእኛን ምክር ከጠየቁ ግን ዊንሞደም ላይ ሳምንት አያጥፉ። የኮኔክሳንት ነፃው ድራይቨር ፍጥነቱ 14.4 ኪሎቢት ላይ የተገደበ ነው፤ የስማርት ሊንክ ድራይቨር ዋናው ክፍል ለ32 ቢት ብቻ ተዘጋጅቶ የተሰጠ ዝግ ፋይል ነው። የሲሪያል የውጭ ሞደም ድራይቨር አይጠይቅም። ሲሪያል ወደብ ከሌለ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል የሚቀይር ገመድ ይሰኩ፤ ያኔ ወደቡ ቲቲዋይዩኤስቢ0 ይሆናል፤ «ዩኤስቢ» በትልቅ ፊደል።

ጥያቄ፦ ሞደሙ ይደውላል፣ ይገባል፣ የአይፒ ቁጥሮችም ይታያሉ። ድረ ገጽ ግን አንድም አይከፈትም። ሌላ የጎደለ ፓኬጅ አለ? (ከአራዳ)

መልስ፦ የጎደለ ፓኬጅ የለም። «ፒንግ 8.8.8.8» ይበሉ። መልስ ከመጣ መስመሩ ደህና ነው፤ የጠፋው ስም ወደ ቁጥር የሚተረጉመው ዲኤንኤስ ነው። /ኢቲሲ/ሪዞልቭ.ኮንፍ ባዶ መሆኑን ይዩ፤ ባዶ ከሆነ «ኔምሰርቨር 8.8.8.8» የሚል መስመር ጽፈው ይሞክሩ። በቋሚነት የሚፈታው ግን /ኢቲሲ/ፒፒፒ/ኦፕሽንስ ውስጥ «ዩዝፒርዲኤንኤስ» የሚለውን መጨመር ነው።

መልስ ካልመጣ ኮምፒውተሩ ላይ የኔትወርክ ገመድ ተሰክቷል ብለን እንጠረጥራለን። «ሩት ሰረዝ ኤን» ሲሉ 0.0.0.0 ፊት ኢትዝ0 ካለ መውጫው በገመዱ በኩል ተይዟል። ፒፒፒ ቀድሞ የተያዘ መውጫ አይነጥቅም። ገመዱን ነቅለው፣ ወይም «ሱዱ ሩት ዴል ዲፎልት» ብለው እንደገና ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ሲም ካርድ የሚገባበት የሁዋዌ ፍላሽ ሞደም ሲሰካ እንደ ሲዲ ነው የሚታየው፤ ሞደም አይሆንም። (ከሳሙና በር)

መልስ፦ እነዚህ ሞደሞች የዊንዶውስ ሶፍትዌራቸውን በሆዳቸው ስለሚይዙ መጀመሪያ ሲዲ መስለው ይቀርባሉ። «ኤልኤስዩኤስቢ» ሲሉ 12ዲ1፡1446 ካለ ገና ሲዲ ነው ማለት ነው። ሞደም ሲሆን የኋለኛው ቁጥር ይቀየራል። የሚቀይረው ፓኬጅ ዩኤስቢ-ሞድስዊች ነው። «ዴታ» የሚል ተከታይ አለው፤ በቆዩት እትሞች ቲሲኤል፣ በኋለኞቹ ሊብጂም የሚባልም ይጠይቃል። ለማምጣት ለአዘዞው አንባቢ የነገርነውን መንገድ ይከተሉ።

ከመሄድዎ በፊት ግን «ሱዱ ኢጄክት /ዴቭ/ኤስአር1» ብለው ይሞክሩ። ሲዲ ድራይቭ ከሌለዎት 1 ሳይሆን 0 ነው። ለአንዳንዱ ሞደም «ሲዲውን አውጣ» መባል ብቻ ይበቃዋል። ከተቀየረ መደወያው ኮከብ 99 መሰላል (*99#) ነው፤ የሲሙ ፒን አስቀድሞ በሞባይል ላይ ቢጠፋ ይሻላል። «ዲቫይስ ኦር ሪሶርስ ቢዚ» ካለ ሞደምማኔጀር የተባለው አገልግሎት ወደቡን ይዞታል፤ እሱን ያስቁሙ።

ጥያቄ፦ በስልክ መስመር መግባት ተሳካልኝ። ሙሉ ማሻሻያውን በዚሁ ላውርድ? (ያለ አድራሻ)

መልስ፦ አያውርዱ። ባለ 56 ኪሎቢት ሞደም ጥሩ መስመር ላይ በሴኮንድ ከ4 እስከ 5 ኪሎባይት ቢያመጣ ነው። አንድ ሜጋባይት ወደ 4 ደቂቃ፣ 200 ሜጋባይት ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የሚፈልጉትን ፓኬጅ ለይተው ያውርዱ። መስመሩ መሃል ላይ ቢቋረጥ ያንኑ ትእዛዝ ይድገሙት፤ የወረደው አርካይቭስ ውስጥ «ፓርሻል» በሚባለው ፎልደር ስለሚቆይ ካቆመበት ይቀጥላል። ፎልደሩን ግን አይንኩት።