መጀመሪያ ህትመቱን እዩት፦ ስለ ባርኮድና ስካነር የጅማ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ባርኮድ፣ ስለ ስካነርና ስለ ሌብል ህትመት ያላችሁን ጠይቁ። ስትጠይቁ ሦስት ነገር አብራችሁ ጻፉልኝ፤ የኮዱን ዓይነት፣ ስካነሩ ሌዘር ይሁን ካሜራ ያለው፣ ሌብሉ በምን እንደታተመ። «አያነብም» ብቻ ካላችሁኝ ልረዳችሁ አልችልም።

ባለሱቅ፣ ሂርማታ፦ ጋሼ ሰላም ነዎት? ስካነሬ አንዳንዱን ዕቃ ያነባል፣ አንዳንዱን አያነብም። ምን ላድርግ?

መላሽ፦ የማያነበው የቱን ነው? ፋብሪካ ያተመውን ነው ወይስ ራስህ ያተምከውን?

ባለሱቅ፣ ሂርማታ፦ ራሴ ያተምኩትን። የፋብሪካውን ወዲያው ያነባል። ኢኤኤን-13 ነው፣ የሱቅ ዕቃ ላይ ያለው ባለ 13 አሃዙ ኮድ፤ ስካነሩ ሌዘር፣ አታሚው 203 ዲፒአይ።

መላሽ፦ እንግዲያው ስካነሩ ጤነኛ ነው፤ ገንዘብህን ሌላ ስካነር ላይ አታጥፋ። ችግሩ ህትመቱ ነው።

ባርኮድ የሚለካው በቀጭኗ መስመር ወርድ ነው። ኢኤኤን-13 በመደበኛ መጠኑ ቀጭኗ መስመር 0.33 ሚሊሜትር ናት፤ ኮዱ ከነነጭ ዳሩ 37.29 ሚሊሜትር ወርድ ይይዛል። ከዚያ እስከ 80 በመቶ ማሳነስ፣ እስከ 200 በመቶ ማሳደግ ይቻላል። አሁን ወደ አታሚህ ና። 203 ዲፒአይ ማለት በአንድ ሚሊሜትር 8 ነጥብ ነው፤ አንዷ ነጥብ 0.125 ሚሊሜትር። ግማሽ ነጥብ ማተም አይቻልም። ስለዚህ ቀጭኗ መስመር ወይ 2 ነጥብ ትሆናለች፣ 0.25 ሚሊሜትር፣ ይህ ከ80 በመቶ በታች ነው፤ ወይ 3 ነጥብ፣ 0.375 ሚሊሜትር፣ ወደ 114 በመቶ። በ203 አታሚ ኢኤኤን-13 ስታትም 3 ነጥብ ስጠው፤ ሌብሉም ቢያንስ 43 ሚሊሜትር ይስፋ። 300 ዲፒአይ ያላችሁ 4 ነጥብ ስጡት፣ 0.34 ሚሊሜትር ገደማ ይመጣል፣ ከመደበኛው ጋር ይገጥማል።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ኮዱን በምስል አውርደህ ዎርድ ላይ ለጥፈህ በማዕዘኑ ጎትተኸዋል?

ባለሱቅ፣ ሂርማታ፦ አዎ፣ እንደዚያ ነው ያደረግኩት። ሌብሌ 40 ሚሊሜትር ስለሆነ አልገባ ብሎኝ ነው።

መላሽ፦ ችግሩ እሱ ነው። ስትጎትተው አንዷ ቀጭን መስመር 2 ነጥብ፣ ጎረቤቷ 3 ነጥብ ትሆናለች። ለዓይን አይታወቅም። ስካነር ግን የሚያነበው የመስመሮቹንና የክፍተቶቹን ወርድ እርስ በርስ እያወዳደረ ስለሆነ ይደናገራል። ሁላችሁም ያዙልኝ፦ ባርኮድ በምስል አትጎትቱ። ቁጥሩን ለሌብል ፕሮግራሙ ስጡትና ራሱ ይሳለው።

ለ40 ሚሊሜትርህ ደግሞ፣ ዕቃው በሱቅህ ብቻ የሚሸጥ ከሆነ ኢኤኤን-13 ግዴታ አይደለም። ኮድ 128 የሚባለውን ሌላ የባርኮድ ዓይነት ተጠቀም። አሃዝ ብቻ በሚጽፈው በሲ ስብስቡ ሁለት ሁለት አሃዝ በአንድ ምልክት ስለሚገባ 6 አሃዝ የሚወስደው 68 ቀጭን መስመር ያህል ብቻ ነው። በ3 ነጥብ 25.5 ሚሊሜትር፣ በግራና በቀኝ 10 ቀጭን መስመር ያህል ነጭ ዳር ሲጨመር 33 ሚሊሜትር። ሌብልህ ላይ በደንብ ይገባል። የአሃዙ ብዛት ጥንድ ይሁን።

ቡና ቆይ፣ አጋሮ መንገድ፦ የተቆላና የተፈጨ ቡና በቡናማ የወረቀት ከረጢት እናሽጋለን። ዲዛይነሩ ለውበት ብሎ ባርኮዱን በጥቁር ቡኒ ቀለም አሳተመው። ሱፐርማርኬቱ አላነበበልንም ብሎ መለሰብን።

መላሽ፦ እህቴ፣ ዲዛይነር ለውበት ሲል በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የሱቅ ስካነር አብዛኛው የሚያበራው ቀይ ብርሃን ነው። በቀይ ብርሃን ሥር ቀይ ነገር ነጭ ይመስላል። ቡኒ ቀለም ውስጥ ደግሞ ቀይ አለ፤ ስለዚህ ለአንቺ ጥቁር የሚመስለው መስመር ለስካነሩ ደብዛዛ ግራጫ ነው። የከረጢቱ ቡናማነት ደግሞ ጀርባውን ያጨልመዋል። መስመሩ ሲፈዛ፣ ጀርባው ሲጠቁር፣ በመካከላቸው ልዩነት አይቀርም።

ለመስመር የሚሆነው ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊና ጥቁር አረንጓዴ ነው። ለጀርባ ነጭ፣ ቢጫና ብርቱካናማ ይሆናል፤ ቀይ ጀርባ ላይ ጥቁር መስመር እንኳ ይነበባል። ቀይ መስመር በነጭ ላይ ግን ፈጽሞ አይነበብም። ወርቃማና ብርማ ማብረቅረቂያ ተዪው። ከማሳተምሽ በፊት ቀይ ስስ ላስቲክ፣ ስጦታ የሚጠቀለልበትን ዓይነት፣ ናሙናው ላይ ዘርጊና በእሱ ውስጥ እዪው። መስመሩ ከጠፋብሽ ለስካነሩም ይጠፋበታል።

ለታተመው ከረጢት መፍትሔው ነጭ ሌብል ላይ በጥቁር አትሞ ከላዩ መለጠፍ ነው። ሌብሉን አጥብበሽ አትቁረጪ። ኢኤኤን-13 በመደበኛ መጠኑ በግራ 3.63፣ በቀኝ 2.31 ሚሊሜትር ባዶ ነጭ ዳር ይፈልጋል። ስካነሩ ኮዱ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው በዚያ ባዶ ቦታ ነው። ጽሑፍም ሆነ ፍሬም አይግባበት። የከረጢቱ እጥፋት ላይም አይረፍ።

የመርካቶ ነጋዴ፦ ወንድሞች፣ እኔ የማውቀው ባርኮድ ውስጥ 666 እንዳለበት ነው። ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ ወረድ ያሉትን ሁለት ሁለት መስመሮች እዩ።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ እሱ ወሬ ነው።

የመርካቶ ነጋዴ፦ ወሬ ከሆነ ለምን 6 ቁጥርን ይመስላሉ?

መላሽ፦ እምነት ላይ አልገባም፣ መስመሩ ግን ይቆጠራል። በቀኝ በኩል ያለው 6 ቁጥር 7 ቀጭን መስመር ያህል ወርድ አለው፤ ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ከዚያ አራት ነጭ። ዳርና ዳር ያሉት ጠባቂ መስመሮች ጥቁር፣ ነጭ፣ ጥቁር ብቻ ናቸው፤ ሦስት። የመሀሉ አምስት ነው፣ የሚጀምረውም የሚጨርሰውም በነጭ ነው። ሁለቱ ቀጫጭን ጥቁሮች ስለሚመሳሰሉ ነው 6 የሚመስለው፤ ስካነሩ ግን ቁጥር ብሎ አይቆጥራቸውም። የኮዱን መነሻ፣ መሀልና መድረሻ ያሳዩታል። ወደ ሥራችን እንመለስ።

የመርካቶ ነጋዴ፦ እሺ ይሁን። ግን የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች ዕቃው የተሠራበት አገር ናቸው አይደል? 616 ከሆነ ኬንያ ነው የተሠራው።

ጅምላ አከፋፋይ፦ ልክ ነው፣ 690 ቻይና፣ 622 ግብፅ። እኛ በዚህ ነው ኦሪጅናሉን የምንለየው።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ታዲያ 622 የሚል ዕቃ ጀርባው ላይ ቱርክ ተሠራ ብሎስ?

ጅምላ አከፋፋይ፦ እንደዚያ ከሆነ ፎርጅድ ነዋ!

መላሽ፦ አይደለም። በዚህ ምክንያት ዕቃ አትመልሱ፣ ሰውም አታስከፉ። ቁጥሩ የሚያሳየው ኩባንያው የተመዘገበበትን የጂኤስዋን ቢሮ ብቻ ነው፤ ጂኤስዋን የባርኮድ ቁጥር የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት ነው። ግብፅ የተመዘገበ ድርጅት ቱርክ አሠርቶ 622 ይለጥፋል፤ ሕጋዊ ነው። ፎርጅድ የሚሠራም ሰው የኦሪጅናሉን ቁጥር ገልብጦ ማተም ይችላል። ከ20 እስከ 29 የሚጀምረው ደግሞ የአገር አይደለም፣ ለሱቅ የውስጥ አገልግሎት የተተወ ነው።

ማር አሻጊ፣ ሰጦ፦ እኔ ከኢንተርኔት በነፃ ባርኮድ የሚያወጣ ድረ ገጽ አግኝቼ ቁጥር አወጣሁ። ይሠራል?

መላሽ፦ ድረ ገጹ ሥዕሉን ነው የሚሰጥህ፣ የቁጥሩ ባለቤትነት የሚገኘው ከጂኤስዋን ነው። ሌላ ሱቅ ዘንድ ሲገባ ያ ቁጥር የሌላ ሰው ሳሙና ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በራስህ ሱቅ ብቻ ከሆነ በ20 የሚጀምር 12 አሃዝ ውሰድ፣ 13ኛውን ማረጋገጫ አሃዝ አስላ። ለምሳሌ 200123450017። ከግራ ጀምረህ ጎዶሎ ቦታ ላይ ያሉትን ደምር፦ 2+0+2+4+0+1=9። ጥንድ ቦታ ላይ ያሉትን ደምረህ በ3 አባዛ፦ 0+1+3+5+0+7=16፣ ሲባዛ 48። ድምሩ 57። እስከ 60 የጎደለው 3 ነው። ቁጥርህ 2001234500173 ይሆናል።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ባርኮድን ማን ፈጠረው?

መላሽ፦ ውድላንድና ሲልቨር፣ ፓተንቱ የወጣው በ1952። ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ የተነበበው በሰኔ 26 ቀን 1974 ኦሃዮ ውስጥ፣ አንድ ፓኬት ማስቲካ ነበር። ኪውአር በ1994 ጃፓን፣ ዴንሶ ዌቭ። ቀኑም ዓመቶቹም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጸሐፊ፣ አጂፕ፦ ስካነሬ አይሠራም፣ እባካችሁ እርዱኝ።

መላሽ፦ ከላይ ሦስት ነገር ጻፉ ብያለሁ።

ጸሐፊ፣ አጂፕ፦ ይቅርታ። ካሜራ ያለው ነው፣ ኮድ 128። ያነባል ግን ኮምፒውተሩ ላይ የሚወጣው ሌላ ነገር ነው። ትናንት ደህና ነበር።

መላሽ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። በዩኤስቢ የሚሰካ ስካነር ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ ነው፤ ቁልፍ እንደተጫነ ያህል ፊደሉን ይልካል። የአማርኛ መጻፊያው ከበራ ስካነሩ የላከውን ወደ ፊደል ይለውጠዋል። በእንግሊዝኛ ጄ እና ኤም ብለሽ ያተምሽው ኮድ «ጅም» ሆኖ ይወጣል። ቋንቋውን ወደ እንግሊዝኛ መልሺው። ጥርጣሬ ካለሽ ኖትፓድ ክፈቺና እዚያ ላይ አንብቢው፤ እዚያ ትክክል ከሆነ ጥፋቱ የፕሮግራምሽ ነው። ወደ ሚቀጥለው መስመር የማይወርድ ከሆነ ከመመሪያው ላይ ኢንተር የሚጨምረውን ኮድ አንድ ጊዜ አስነቢው። ኤክሴል የምትጠቀሙ ደግሞ ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት ዓምዱን ወደ ቴክስት ቀይሩት፤ አለበለዚያ 13 አሃዙ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ይጨማደዳል፣ ፊት ያለው ዜሮም ይጠፋል።

ሁለተኛ ጸሐፊ፦ ኮድ 128 ውስጥ አማርኛ መጻፍ ይቻላል?

መላሽ፦ አይቻልም። ኪውአር ውስጥ ይቻላል፣ አንድ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል።

ፋርማሲስት፦ መድኃኒት ላይ ያለውን ዳታማትሪክስ፣ ኪውአር የሚመስለውን ትንሽ ካሬ ኮድ፣ ስናነብ የጊዜ ማብቂያው ግራ ያጋባናል። 17270930 ይላል።

መላሽ፦ 17 መለያ ነው፣ «የሚቀጥለው የጊዜ ማብቂያ ነው» ማለት ነው። ከዚያ ዓመት፣ ወር፣ ቀን፦ መስከረም 30 ቀን 2027 በአውሮፓ አቆጣጠር። በእኛ መስከረም 19 ቀን 2020። ፕሮግራማችሁ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሠራ ከሆነ መለወጡን በእጅ ፈትሹት፤ 27ን የእኛ 2027 ብሎ ከያዘው ጊዜው ያለፈበትን መድኃኒት ከሰባት ዓመት በላይ ደህና ነው ይላችኋል። ይህ የሰው ሕይወት ነው። 01 የዕቃው ቁጥር፣ 10 ባች፣ 21 ተከታታይ ቁጥር ነው። ባችና ተከታታይ ቁጥሩ ከተጣበቁ ስካነሩ መለያያውን የማይታይ ምልክት እየዋጠው ነው፤ በሚታይ ምልክት እንዲተካው ከመመሪያው ላይ አስተካክሉት።

የማኅበር ሠራተኛ፣ ማና፦ የአውሮፓ ኅብረት የደን ሕግ የቡናውን ማሳ መገኛ ነጥብ ይጠይቃል። የማሳውን ወሰን በሙሉ ኪውአር ላይ አድርገን ጆንያው ላይ ብንለጥፍስ?

መላሽ፦ ይገባል፣ ግን አታድርጉት። አንድ ነጥብ ስድስት ዲሲማል ሲኖረው፣ 7.673421,36.834512 ዓይነት፣ ከመለያያው ጋር 19 ባይት ነው። 30 ነጥብ ያለው ወሰን 570 ባይት ይሆናል። በመካከለኛ ጥገና ደረጃ (ኮዱ በከፊል ቢበላሽም እንዲነበብ በሚጨመረው) ይህ በጎን 93 ካሬ ያለው ኪውአር ይጠይቃል። ያን ያህል የደቀቀ ኮድ አቧራ በለበሰ ጆንያ ላይ በስልክ አይነበብም። ሕጉ ከ4 ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ወሰን ይፈልጋል፣ ከዚያ በታች ላለው አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ሁለቱም የሚቀመጡት በመዝገብ ነው። ኪውአሩ የሎት ቁጥሩን ብቻ ይያዝ። ካሬዎቹ ትልልቅ ይሆናሉ፣ 3 ሴንቲሜትር ኮድ ከ30 ሴንቲሜትር ገደማ ይነበባል።

ቃጫ ጆንያ ላይ ሙጫ አይያዝም። ሰው ሠራሽ ታግ በሬዚን ሪቦን (ጠንካራ ቀለም ባለው የአታሚ ጥብጣብ) አትማችሁ ከአፉ ጋር ስፉት። ያለ ሪቦን በሙቀት ብቻ የሚታተመውን ወረቀት ለመጋዘን አትጠቀሙ፤ ፀሐይ፣ ሙቀትና ቅባት ያጠፋዋል። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በጥፍር ጫር አድርጉት፣ ጥቁር መስመር ከተወ ያ ነው።

ባለካፌ፦ የክፍያ ኪውአሬ ላይ ሌላ ሰው የራሱን እንዳይለጥፍብኝ ምን ላድርግ?

መላሽ፦ መስታወት ሥር አድርጊው፣ ጠዋት ጠዋት ራስሽ አንብቢና የሚወጣውን ስም እዪ። ሌላውን ባንክሽን ጠይቂ።

ጅምላ አከፋፋይ፦ ሌብሉ ላይ ቀጭን ነጭ ክር እየታየ ነው፣ ሁሌ አንድ ቦታ ላይ።

መላሽ፦ የአታሚው ራስ ቆሽሿል ወይም አንድ ነጥብ ሞቷል። አጥፍተህ አቀዝቅዘው፣ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል በነካ ለስላሳ ጨርቅ ጥረገው፣ እስኪደርቅ ጠብቅ። ቢላም ጥፍርም አታስነካው። ሪቦን በቀየርክ ቁጥር ጥረገው። ክሩ ካልጠፋ ነጥቧ ሞታለች፤ የአታሚው ራስ እስኪቀየር ድረስ ኮዱን 90 ዲግሪ አዙረህ አትም። መስመሮቹ ሌብሉ ከሚወጣበት አቅጣጫ ጋር ትይዩ ሲሆኑ ክሩ አንድ መስመር ሙሉውን ይበላል። ሲዞሩ ግን ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይቆርጣል፣ ስካነሩ ከላይ ወይም ከታች ያነባል።

ባለሱቅ፣ ሂርማታ፦ ጋሼ፣ ኮድ 128 አድርጌ በ3 ነጥብ አተምኩት። አሁንም ከአሥሩ አራቱን ነው የሚያነበው።

መላሽ፦ ነጩ ዳር ስንት ነው? በማስመሪያ ለካ።

ባለሱቅ፣ ሂርማታ፦ በግራ 2 ሚሊሜትር ገደማ። ዙሪያውን ቀጭን ፍሬም አድርጌበታለሁ፣ እንዲያምር።

መላሽ፦ ፍሬሙን አጥፋው። በግራም በቀኝም 3.75 ሚሊሜትር አድርግ።

ባለሱቅ፣ ሂርማታ፦ አጠፋሁት። አሥሩንም አነበበ።