ኤሮዳይናሚክስ ተምሬ ድሬዳዋ ላይ ምን ልሥራ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ የሜካኒካል ምህንድስና የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኤሮዳይናሚክስ (የአየር እንቅስቃሴና ኃይል ጥናት) እወዳለሁ፤ ግን አውሮፕላን የሚሠራ ፋብሪካ በሌለበት አገር ምን ያደርግልኛል? በቅርቡ ለልምምድ ስፈተን «አውሮፕላን በምን ይነሳል?» አሉኝ። «ከክንፉ በላይ ያለው አየር የሚሄድበት መንገድ ስለሚረዝም፣ ከታችኛው እኩል ለመድረስ ይፈጥናል» አልኩ። አልተቀበሉኝም።

መልስ፦ እህቴ፣ መልሱ ስህተት ነው፤ በዚህ የተሳሳትሽው ግን አንቺ የመጀመሪያዋ አይደለሽም። ሁለቱ አየሮች እኩል እንዲደርሱ የሚያስገድድ ሕግ የለም፤ እንዲያውም የላይኛው ቀድሞ ያልፋል። ጠያቂዎችሽ የፈለጉት ይህን ይመስለኛል፦ አየር መጠነ ቁስ አለው። ክንፉ አየሩን ወደ ታች እየመለሰ ሞመንተም (የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት) ይሰጠዋል፤ አየሩም በኒውተን ሦስተኛ ሕግ ክንፉን ወደ ላይ ይገፋዋል። ከክንፉ በላይና በታች ያለው የአየር ግፊት ልዩነትም እውነት ነው፤ ያው ኃይል ክንፉ ገጽ ላይ ሲታይ ነው። ሁለቱን እንደ ተፎካካሪ አታቅርቢያቸው።

ብዙ ተማሪ አየርን ባዶ ነገር አድርጎ ስለሚያስብ ይህ አይዋጥለትም። ሰባት ሜትር በአምስት፣ ጣሪያው ሦስት ሜትር የሆነ የድሬዳዋ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ያለው አየር አንድ ኩንታል ያህል ይመዝናል። ሙቀቱ ሲበረታ እፍግታው (በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያለው የአየር መጠነ ቁስ) ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላን በቀትር ሲነሳ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ይፈልጋል።

ወደ እንጀራው እንምጣ። አየር መንገድ ብትገቢ የሚጠብቅሽ በአብዛኛው ጥገና ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው፣ የክንፍ ስሌት ግን አይደለም። ስሌቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር የአይሻ የነፋስ ኃይል ማመንጫ አለ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን በተርባይኑ በየሰከንዱ የሚያልፈው አየር እጥፍ፣ እያንዳንዱ ኪሎ አየር የያዘው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሁለቱ ሲባዙ ኃይሉ ስምንት እጥፍ ይሆናል። ይህን በቃልሽ ማስረዳት ከቻልሽ ከብዙዎች ትቀድሚያለሽ።

እኔ ግን ከሁሉ በፊት የምልክሽ ወደ ከተማችን የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ነው። አቧራ የሚስቡትና ምድጃ የሚያነፍሱት ትልልቅ ፋኖች ቀንና ሌሊት ኤሌክትሪክ ይበላሉ። የአየር መስመሩ ሳይለወጥ የፋኑ ፍጥነት በ20 በመቶ ቢቀንስ የሚፈልገው ኃይል ወደ ግማሽ ይወርዳል። የፋብሪካ ኃላፊ ጆሮ የሚሰጠው ለእንዲህ ያለ ቁጥር ነው። የመመረቂያ ጥናትሽን በአንድ ፋን ላይ አድርጊው፦ በፒቶ ቱቦ የአየሩን ፍጥነት ለኪ፣ የሞተሩን ፍጆታ መዝግቢ፣ እፍግታውን ደግሞ መማሪያ መጽሐፍ ላይ ካለው የባሕር ወለል ቁጥር ሳይሆን ከድሬዳዋ ግፊትና ሙቀት አስዪ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናትና ልዩነቱ ውጤትሽን ያበላሻል።

የዩኒቨርሲቲውን የድጋፍ ደብዳቤ ለሰው ኃይል ክፍል ብቻ ሰጥተሽ አትመለሺ። አንድ ቅጂ ለጥገና ክፍሉ ኃላፊ በእጅሽ አድርሺ፤ የትኛው ፋን እንደሚያስቸግራቸውም እዚያው ጠይቂ።