«ኤፍ ኦፍ ጂ» በአማርኛ ሲነበብ ማን ይቀድማል?

ጥያቄ፦ ሰላም መምህር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሒሳብ አስጠናለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ማስረዳቱ ግን በአማርኛ ነው፣ ልጆቹም እንደዚያ ነው የሚገባቸው። መስመራዊ ፈንክሽኖችን ማጣመር ላይ ስንደርስ እንጣበቃለን። «ኤፍ ኦፍ ጂ» ስላቸው ኤፍን ቀድመው ይሠሩና ግራፉ ይበላሻል። በአማርኛ «የኤፍ ጂ» ልበል ወይስ «የጂ ኤፍ»? ደግሞ «ሲደመር»፣ «ሲባዛ» እያልኩ ሳነብላቸው ግማሹ ክፍል ሌላ መስመር ይስላል። ችግሩ የእኔ አማርኛ ነው ወይስ የእነሱ ሒሳብ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጆቹን አትቆጣቸው። ሒሳቡ ያን ያህል አልጠፋቸውም፣ ያሳሳታቸው ንባቡ ነው።

ለመጀመሪያው ጥያቄህ መልሱ «የጂ ኤፍ» ነው። አማርኛ ባለንብረቱን ከፊት፣ ንብረቱን ከኋላ ያደርጋል። «የልጁ ደብተር ሽፋን» በል እስቲ። መጀመሪያ ልጁ፣ ቀጥሎ ደብተሩ፣ መጨረሻ ሽፋኑ። እንግሊዝኛው በ«ኦፍ» ሲናገር ከሽፋኑ ተነሥቶ ወደ ልጁ ይሄዳል። ስለዚህ ኤፍ(ጂ(ኤክስ)) ተብሎ የተጻፈው በእኛ አገባብ ሙሉው ቢነበብ «የኤክስ ጂ ኤፍ» ይሆናል። የስሌቱም ተራ ይኸው ነው፤ ኤክስን ይዘህ ለጂ ትሰጣለህ፣ ጂ ያወጣውን ለኤፍ። በነገራችን ላይ «የየኤክስ ጂ ኤፍ» አንልም። ሁለት «የ» ጎን ለጎን ሲገጥሙ አማርኛ አንዱን ይውጠዋል፣ «የየልጁ ደብተር ሽፋን» እንደማንለው ሁሉ።

የፈንክሽኑን ስም ከፊት፣ ቅንፉን ከኋላ አድርጎ መጻፍ የመጣው ከኦይለር ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1734። ዓለም ተቀብሎታልና አሁን ማንም አይለውጠውም። አንዳንድ የአልጀብራ ሰዎች ግን ኤክስን አስቀድመው ፈንክሽኑን በስተቀኝ ይጽፉታል፤ ለአማርኛ ጆሮ እሱ ነበር የሚስማማው።

ይሁንና «የኤክስ ጂ ኤፍ» ብለህ ክፍል ውስጥ ብታነብ ይስቁብሃል። ትክክል ነው፣ ግን ጆሮ አይገባም። ስሙን እንደለመዳችሁት «ኤፍ ኦፍ ጂ» በሉትና ሥራውን በግስ ተናገሩት። ለዚህ ሥራ ከቦዝ አንቀጽ የተሻለ ነገር የለንም።

ቦዝ የምንለው «በልቶ»፣ «ደምሮ»፣ «አባዝቶ» ዓይነቱን ነው። ብቻውን አይቆምም። «እጁን ታጥቦ» ብለህ ዝም ካልክ ሰሚህ «እሺ፣ ከዚያስ?» ይልሃል፣ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ማለትም ዓረፍተ ነገሩን የሚዘጋውን ግስ፣ እየጠበቀ ነዋ። «እጁን ታጥቦ በላ» ስትል ግን የትኛው እንደቀደመ ማንም አይከራከርም። «ሮጦ መጣ» ላይ ቦዙ አመጣጡን ነው የሚነግረን፣ ቅደም ተከተልን አይደለም የሚል ይኖራል፤ ልክ ነው፣ ግን መደመርና ማባዛትን የመሰሉ ሁለት የየራሳቸው ሥራዎች ሲሆኑ በቦዝ የመጣው ቀድሞ ያለቀው ነው።

አሁን ጂ(ኤክስ) = 2ኤክስ፣ ኤፍ(ኤክስ) = ኤክስ + 3 እንበል። ኤፍ(ጂ(ኤክስ)) ማለት «በ2 አባዝቶ 3 ደመረ» ነው። ጂ(ኤፍ(ኤክስ)) ደግሞ «3 ደምሮ በ2 አባዛ»። አየኸው? የውስጠኛው ፈንክሽን ቦዝ ይሆናል፣ የውጭኛው ማሰሪያ። ልጆቹ ቅንፍ ባዩ ቁጥር «ቦዙ የቱ ነው?» ብለው ይጠይቁ፣ ሌላ ምንም አያስፈልጋቸውም።

የመጀመሪያው 2ኤክስ + 3 ይወጣል፣ የኋለኛው 2ኤክስ + 6። ግራፍ ወረቀት ላይ ስታሰፍራቸው ሁለቱ መስመሮች እኩል ያዘነበሉ ናቸው፣ የቱንም ያህል ብታስረዝማቸው አይገናኙም። አንዱ የዋይን አክሲስ 3 ላይ ያቋርጣል፣ ሌላው 6 ላይ። ሁለት መስመሮች ሲጣመሩ ስሎፖቻቸው፣ ማለትም የማዘንበላቸው መጠን፣ ይባዛሉ፤ 2 በ1 ሆነ 1 በ2 ለውጥ የለውም። ተራው የሚያዛባው ቋሚውን ቁጥር ነው። 3ቱ ቀድሞ ከገባ አብሮ እጥፍ ይሆናል፣ ዘግይቶ ከገባ እንዳለ ይቀራል። ተማሪዎችህ ስህተታቸው የማይታያቸውም ለዚህ ይመስለኛል፤ ስሎፑ ልክ ነው፣ መስመሩም ልክ ይመስላል፣ ግን ሦስት ቤት ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ተንሸራትቷል።

ቁጥሩ ከደረቀባቸው ቫት አምጣላቸው። 1,000 ብር የተባለ ዕቃ 200 ብር ቅናሽ አለው፣ ቫቱ 15 በመቶ ነው። «200 ቀንሶ ቫት ጨመረ» ከሆነ 920 ብር ትከፍላለህ። «ቫት ጨምሮ 200 ቀነሰ» ከሆነ 950። የ30 ብሩ ልዩነት የዚያው የ200 ብር ቫት ነው። ዋጋውን ኤክስ አድርገህ ብትስለው አንዱ 1.15ኤክስ − 230፣ ሌላው 1.15ኤክስ − 200 ነው፤ አሁንም ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መስመሮች። ቦዙን ከማሰሪያው ያልለየ ደንበኛ 30 ብሩን ከኪሱ ያወጣል።

ወደ «ሲ» እንምጣ። እዚህ ላይ ጥፋቱ ያንተ ነው፣ ያንተ ብቻ ግን አይደለም። «ሲደመር፣ ሲቀነስ፣ ሲባዛ፣ ሲካፈል» ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አፋችን የለመደው ንባብ ነው፤ ለ«ሁለት ሲደመር ሦስት» ምንም አይወጣለትም። ጣጣው ሁለት «ሲ» ሲደራረቡ ነው። «ሲ» ነገሮቹን ጎን ለጎን ያስቀምጣል እንጂ የትኛው ቀድሞ እንዳለቀ አይናገርም። «ኤክስ ሲደመር 3 ሲባዛ በ2» ብለህ አንብብ። ግማሹ ልጅ በሰማበት ተራ ይሄድና 2ኤክስ + 6 ያገኛል። ሌላው ማባዛት ይቀድማል የሚለውን ሕግ አስታውሶ 3ን በ2 ያባዛና ኤክስ + 6 ይጽፋል። ሁለቱም በትክክል ነው የሰሙህ። ደግሞ ጉድ የሚያደርግህ፣ ሁለቱ መስመሮች የዋይን አክሲስ የሚያቋርጡት አንድ ቦታ ነው፣ 6 ላይ። ደብተር ስታርም ያቺን ነጥብ ብቻ አይተህ ራይት አድርገህ ካለፍክ ስህተቱ ያመልጥሃል። ኤክስ 1 ሲሆን ገና 7 እና 8 ናቸው፣ በእጅ በተሳለ ግራፍ ላይ እምብዛም አያስታውቅም። ኤክስ 5 ሲደርስ ግን አንዱ 11፣ ሌላው 16 ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን «ኤክስ ላይ 3 ደምረህ በ2 አባዛ» በል፣ የሁለተኛውን «3ን በ2 አባዝተህ ኤክስ ላይ ደምር»። ይረዝማል፣ አውቃለሁ። ግን ስቶ የሚሄድ ልጅ አይኖርም።

መቀነስ ላይ ደግሞ «ከ»ን እና «ን»ን አጥብቀህ ያዝ። «ከኤክስ 3 ቀንስ» ኤክስ − 3 ነው፤ «ኤክስን ከ3 ቀንስ» 3 − ኤክስ። የመጀመሪያው ዳገት ነው፣ ሁለተኛው ቁልቁለት። አንዱ ጉብታ ከወዲህ ስትመጣ ዳገት፣ ከወዲያ ስትመጣ ቁልቁለት ነውና ልጆቹ ይህን ቃል ይወዱታል፤ ግራፍ ላይ ግን ሁልጊዜ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የምንራመደው በላቸው። 3 − ኤክስን ከራሱ ጋር እንዲያጣምሩም ስጣቸው። ኤክስን ከ3 ቀንሶ፣ የቀረውን እንደገና ከ3 ሲቀንስ ራሱ ኤክስ ይመለሳል። ሁለት ቁልቁለት ተጣምሮ ዳገት ወጣ ማለት ነው፣ ምክንያቱም ስሎፖቹ −1 እና −1 ናቸው፣ ሲባዙ 1።

በሁለቱ ፊደሎች መካከል የምትገባዋን ትንሿን ክብ «ከጂ በኋላ ኤፍ» ብላችሁ ብታነቧት ጥሩ ነው። ሦስት ፈንክሽን ከተደራረበም አትጨነቅ። «በ2 አባዝቶ፣ 3 ደምሮ፣ ለ5 አካፈለ» እያልክ ቦዙን የፈለግከውን ያህል መደርደር ትችላለህ፤ ማሰሪያው ግን አንድ ነው፣ እሱም የውጭኛው።

አንድ ነገር ብቻ፦ ቦዙና ማሰሪያው ባለቤታቸው አንድ ይሁን። «አባዝተህ ደምር» ወይም «አባዝቶ ደመረ» በል። «አባዝቶ ደምር» ካልክ አባዢው እሱ፣ ደማሪው አንተ ትሆናለህ።