እናትሽን ይዘሽ ጎዞን በአንድ ቀን

እህቴ፣ እናትሽ በግንቦት ወደ ማልታ እንደሚመጡ፣ ከሥራ የምታገኚው የእረፍት ቀን አንድ ብቻ እንደሆነ ጽፈሽ፣ በዚያ ቀን በመርከብ ከማልታ አጠገብ ያለችው ደሴት ጎዞ ደርሶ መመለስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀሻል። ባሕር እንደሚፈሩና ጉልበታቸውን እንደሚያማቸውም ነግረሽናል። ይቻላል። እኔም እናቴ ከደብረ ብርሃን በመጣች ጊዜ ይዣት ሄጃለሁ፤ እስካሁን ስልክ ስንደዋወል የምታነሳው ያንን ቀን ነው። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ፦ ከሦስት ቦታ በላይ አታስቢ።

ይህን የምልሽ ደርሶብኝ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በአንድ አስጎብኚ ድርጅት ነበር። ስምንት ቦታ ታያላችሁ ተባልን፤ ከአውቶቡስ እንወርዳለን፣ ፎቶ እናነሳለን፣ ተመልሰን እንወጣለን። ከሁሉም ረጅሙን ጊዜ የቆየነው የመታሰቢያ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ነው። በማልታና በጎዞ መካከል ያለችውን የትንሿን ደሴት የኮሚኖን ሰማያዊ ውኃም በዚያው ቀን ላይ ደረቡት። ማታ ቤቴ ገብቼ የቱን ቦታ የት እንዳየሁት ይምታታብኝ ነበር። ጤነኛ ጉልበት ያለውን ሰው እንዲህ ካደረገ እናትሽን ምን ያህል እንደሚያደክማቸው አስቢው።

ወደ መርከቡ ልምጣ። ከቫሌታ የሚነሳው ፈጣን ጀልባ 45 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ሰው ብቻ ነው የሚጭነው፤ ማዕበል ሲኖር ይንጣል፤ ነፋስ ከበረታም ጉዞው ይሰረዛል። በማልታ ሰሜን ጫፍ ካለው ወደብ ከቺርኬዋ የሚነሳው ትልቁ መርከብ ግን የጭነት መኪና ሳይቀር በሆዱ ይዞ በ25 ደቂቃ ገደማ ይሻገራል። ለእናትሽ ትልቁን ያዢ፤ ንቅናቄው እንዳይሰማቸው መሃል አካባቢ አስቀምጫቸው። ከቫሌታ እስከ ቺርኬዋ በ41 ወይም በ42 ቁጥር አውቶቡስ ከአንድ ሰዓት በላይ ስለሚወስድ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ከቤት ውጡ። ቺርኬዋ ስትደርሱ ትኬት ፍለጋ አትንከራተቺ፤ በትልቁ መርከብ ሲሄዱ አይከፈልም፣ የደርሶ መልሱ ሒሳብ የሚጠየቀው ስትመለሱ ጎዞ ላይ፣ በምጃር ወደብ ነው። እናቴ ይህን ማመን አቅቷት "ሳንከፍል ልንገባ ነው?" ብላ መግቢያው ላይ እጄን ይዛ አቆመችኝ።

የእናቴን የባሕር ፍርሃት ያበረደልኝ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 28 መላጥያ የተባለችው፣ ቅዱስ ጳውሎስ መርከቡ ተሰብሮ በደኅና የወጣባት ደሴት ይህችው ማልታ ናት ብዬ ነገርኳት። ጳውሎስ የተጓዘው ብርዱ ሲገባ ነው፣ እኛ የምንሻገረው በግንቦት ነው አልኳት። ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ ሰብስባ "እንግዲያው እሱን ያወጣ አምላክ አለ" አለችና ከመስኮቱ ዓይኗን ሳትነቅል ተሻገረች። ስትሄዱ በቀኝ በኩል ተቀመጡ፤ ኮሚኖና በ1618 የተሠራው ግንቧ በዚያ በኩል ይታያሉ።

ምጃር ስትወርዱ አትቸኩሉ። ወደቡ ላይ ቢጫ፣ ቀይና ሰማያዊ የተቀቡ የዓሣ አጥማጆች ጀልባዎች ቆመዋል። በእያንዳንዱ አፍንጫ ግራና ቀኝ ዓይን ተሥሎበታል፤ ባሕር ላይ ጀልባውን ይጠብቃል ተብሎ ነው። በማልታ ቋንቋም ዓይን "ዓይን" ነው ማለት ይቻላል፤ እጅ "ኢድ" ነው፣ ልክ እንደ ግእዙ "እድ"። ቋንቋቸው እንደ እኛው ሴማዊ ነው። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው፤ የእኔዋ ቀኑን ሙሉ ከአውቶቡስ ተሳፋሪዎች ቃል ስትለቅም ዋለች።

ሦስቱ ቦታዎች እነዚህ ናቸው። መጀመሪያ ታ ፒኑ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰው ሳይበዛ በጠዋት። በ1883 ካርምኒ ግሪማ የምትባል ገበሬ በዚያ ካለች ትንሽ ጸሎት ቤት ድምፅ ሲጠራት ሰማች። ጸሎት ቤቷ ዛሬም ከትልቁ ቤተ ክርስቲያን መሠዊያ ጀርባ አለች። ግራና ቀኝ ያሉትን ክፍሎች ሳታሳያቸው እንዳትወጪ፤ ስለታቸው የሰመረላቸው ሰዎች ያመጡት ነገር ግድግዳውን ሞልቶታል፦ የሕፃናት ልብስ፣ ከተሰበረ እግር ላይ የወለቀ ጄሶ፣ ፎቶ፣ በእጅ የተጻፈ የምስጋና ወረቀት። እናቴ ከአንዲት ትንሽ የሕፃን ልብስ ፊት ቆማ አለቀሰች። እኔ ከመወለዴ በፊት ለኪዳነ ምሕረት የተሳለችውን ስለት የነገረችኝ ያኔ ነው፤ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ቀጥሎ ቪክቶሪያ ከተማ፣ ቺታዴላ የሚባለው አምባ። በ1551 ኦቶማኖች ሰብረው ገብተው የደሴቲቱን ሕዝብ ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ 5,000 ያህል ሰው፣ በባርነት ወስደዋል። አቀበቱ አጭር ነው፣ ቀስ በሉ። ግንቡን መዞር ለጉልበት ስለሚከብድ ይቅርባቸው፤ ካቴድራሉ ውስጥ ተቀምጠው ቀና ይበሉ። ከላይ የሚያዩት ጉልላት ጉልላት አይደለም፤ በጠፍጣፋ ጣሪያ ላይ በ1739 የተሣለ ሥዕል ነው። ቦታ ቀይራችሁ ስታዩት ይጣመማል።

መጨረሻ ጅጋንቲያ። ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ፣ ከግብፅ ፒራሚዶች የሚቀድም የድንጋይ ቤተ መቅደስ ነው፤ ከድንጋዮቹ አንዳንዱ ከ5 ሜትር ይረዝማል። የአገሬው ሰው ባቄላ እየበላች የምትኖር ግዙፍ ሴት ልጇን ታቅፋ ሠራችው ይላል። እናቴ ይህን ሰምታ ባቄላ እኮ ጉልበት ነው አለች።

በጎዞ ምዕራብ ዳርቻ፣ ድዌይራ የነበረው ታዋቂው የባሕር ላይ የድንጋይ ቅስት መጋቢት 8 ቀን 2017 በፈረንጆች አቆጣጠር ፈርሷል። ቦታው አሁንም ያምራል፤ ግን መሬቱ ኮረኮንች ስለሆነ ለእናትሽ አልመክርም።

በቦታዎቹ መካከል አውቶቡስ አለ፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ ቆሞ መጠበቅን ያመጣል። ከቻልሽ ዋጋውን አስቀድመሽ ተስማምተሽ ታክሲ ያዢ። ቀትር ላይ ብዙ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ስለሚዘጋ ያን ሰዓት ለምሳ አድርጉት። የበግ ወይም የፍየል ወተት አይብ፣ "ጅቤይና" የሚሉትን ጠይቂ፤ በበዓለ ኀምሳ ውስጥ ከሆናችሁ ረቡዕም ቢሆን ጾም የለም።

ስትመለሱ ብትዘገዩም አትደንግጪ፤ ትልቁ መርከብ ሌሊትም ይሠራል። ቀኑን ስትቆርጪ እዚሁ ጻፊልኝ፤ እሑድ ከሆነ አውቶቡሱ ስለሚቀንስ መነሻ ሰዓታችሁን አብረን እናስተካክላለን።