አዲሱ ቢርድድ ድራገን አልበላ ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ቢርድድ ድራገን ገዝታችሁ እንዴት እንደምታለምዱትና እንደምታበሉት ለጠየቃችሁኝ ሁሉ የምችለውን እመልሳለሁ። እነዚህን እንሽላሊቶች ለዓመታት አሳድጌያለሁ፤ ሐኪም ግን አይደለሁም።

ጥያቄ (እናት፣ ከቨርጂኒያ)፦ ጋሼ፣ ለልጄ ልደት ትንሽዬ ቢርድድ ድራገን ገዛንለት። ከመጣ ሦስት ቀኑ ነው፤ ፌንጣ ስንሰጠው ዞር ብሎም አያይም። ሊሞትብን ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ገና ነው። ሽታው፣ ድምፁ፣ ብርሃኑ ሁሉ ተለውጦበታል። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ብቻ ነው የሚበሉት። አንቺ ግን ከምግቡ በፊት ሙቀቱን እዪልኝ። የእነዚህ እንሽላሊቶች አገር የአውስትራሊያ መሀል በረሃ ነው። ሰውነታቸው የራሱን ሙቀት ስለማያመነጭ፣ ካልሞቃቸው የበሉት አይፈጭላቸውም፤ የምግብ ፍላጎታቸውም ይዘጋል። አምፖሉ ሥር የሚሞቅበት ድንጋይ ወይም ግንድ ላዩ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሁን፤ በእናንተ ፋራናይት 104 ማለት ነው። የሳጥኑ ሌላው ጫፍ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ፣ ሲበዛበት የሚሸሽበት ይኑረው። መስታወት ላይ የሚለጠፈውን ክብ ቴርሞሜትር አትመኚው፤ ድንጋዩን አይለካልሽም። እያነጣጠሩ የሚለኩበትን የኢንፍራሬድ ቴርሞሜትር ግዢ።

ልጅሽን ደግሞ ለምኚልኝ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል አያንሳው። ጠዋት መብራቱ ከበራ አንድ ሁለት ሰዓት ሞቆ ነው መብላት ያለበት፤ ማታም መብራቱ ሊጠፋ ሲል አትመግቡት።

ጥያቄ (አባት፣ ከስቶክሆልም)፦ ሙቀቱን ለክቻለሁ፣ ልክ ነው። ሆኖም ጺሙ፣ አገጩ ሥር ያለው ቆዳ ማለቴ ነው፣ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ መስታወቱን ሲቧጭር ይውላል። ብቻውን ሆኖ ደብሮት ከሆነ ሁለተኛ እንግዛለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለተኛ አትግዛ፤ ይህን አጥብቄ ነው የምነግርህ። ብቻቸውን መኖር የሚስማማቸው ናቸው። አንዱ ሌላው ላይ ወጥቶ ሲተኛ የተዋደዱ ይመስላል፤ ጉልበተኛው ግን ሙቀቱንና ብርሃኑን እየነጠቀው ነው። ጣትና ጭራ የተነከሱ አይቻለሁ። ጺሙ የሚጠቁረው ፈርቶ ወይም ተቆጥቶ ይሆናል። በመስታወቱ የራሱን ምስል አይቶ ሌላ ወንድ የመጣበት መስሎት ይሆናል፤ ጎኖቹንና ጀርባውን በወረቀት ሸፍንለት። የሚደበቅበት አስቀምጥለት። ቴሌቪዥኑ ወይም ድመቷ አጠገቡ ካሉ አርቃቸው።

ጥያቄ፦ ምን ምን ይብላ? የእኛ ጎመን ይሆነዋል?

መልስ፦ ጎመን በጣም ጥሩ ነው፤ አሜሪካ ኮላርድ ግሪን ተብሎ የሚሸጠው። ጥሬውን አድቅቃችሁ ስጡት። ስፒናችና ቆስጣ ካልሲየሙን ስለሚይዙበት አታዘውትሩ። አቮካዶ መርዙ ነው። ማታ የሚያበራው የእሳት ትል ደግሞ አንዱ ብቻ ሊገድለው ይችላል። ከጓሮ የተያዘ ነፍሳትም ፀረ ተባይ ነክቶት ሊሆን ስለሚችል ይቅር። ልጅ እያለ በአብዛኛው ነፍሳት ነው የሚፈልገው፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በአሥር ደቂቃ የሚጨርሰውን ያህል። ሲያድግ ተገላብጦ ቅጠሉ ይበዛል። የነፍሳቱ መጠን በሁለት ዓይኖቹ መካከል ካለው ስፋት አይብለጥ፤ ካልሲየም ዱቄት ነስንሱበት። ያልተበላ ፌንጣ ግን ሳጥኑ ውስጥ አይደር፤ ሌሊት ይነክሰዋል።

ጥያቄ፦ የመስኮት ፀሐይ አይበቃውም?

መልስ፦ አይበቃውም። የሚያስፈልገውን ዩቪቢ የሚባል የፀሐይ ጨረር የመስኮቱ መስታወት ያስቀረዋል። ያለ ዩቪቢ ካልሲየም ቢሰጠውም በደንብ አይጠቀምበትም፤ አጥንቱ ይለሰልሳል። ረጅሙን የዩቪቢ መብራት ግዙ። መብራቱ እየበራም ጨረሩ ስለሚደክም፣ እንደ አምራቹ መመሪያ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየር።

ጥያቄ፦ ሐኪም ጋ መቼ ልውሰደው?

መልስ፦ በየሳምንቱ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት። ትልቅ ሆኖ ክብደቱ ካልቀነሰ ለቀናት ባይበላም አትደንግጡ፤ በብርዱ ወራት ብዙ የሚተኙ አሉ። ሴቷ ወንድ ሳይነካትም እንቁላል ልትይዝ ትችላለች፤ መብላት አቁማ አሸዋ ወይም አፈር የምትቆፍር ከሆነ የምትጥልበት አዘጋጁላት። ትንሹ ግን ሙቀቱ ተስተካክሎለት ሦስት አራት ቀን ምንም ካልቀመሰ፣ እግሩ ከተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ ወይም ሰገራው ከቀጠነና ከከረፋ አትጠብቁ። ትኩስ ሰገራውን ይዛችሁ የእንሽላሊት ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ የአንጀት ጥገኛ ተሕዋስያን የተለመዱ ናቸው።

ጥያቄ (አያት፣ ከሚኒያፖሊስ)፦ የልጅ ልጄ እቃ ማጠቢያው ውስጥ ያጥበዋል። ሁለት ዓመት የሆናት ታናሹ ደግሞ ትስመዋለች። ጉዳት አለው ልጄ?

መልስ፦ አለው እማማ። ጤነኛ ቢመስልም ሳልሞኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊያስተላልፍ ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ባይነካው ነው የሚመከረው፤ መሳም ለማንም አይሆንም። ለእሱ ብቻ የተለየ ሳፋ ይግዙለትና ወጥ ቤት አይግባ። እርስዎም ሳጥኑን በነኩ ቁጥር እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።