ዌል ሻርክ ለማየት ከባሕር ዳር ወደ ጅቡቲ፦ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ስኩባ እጠልቃለሁ (የአየር ጋን ተሸክሜ ማለት ነው)፤ ዌል ሻርክ የሚባለውን ግዙፍ ዓሣ ለማየት የሚሄዱ ሰዎችንም ጉዟቸውን ሲያቅዱ አግዛለሁ። ሰሞኑን ጥያቄው ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ያዙልኝ፦ እኛ ከፍታ ላይ የምንኖር ሰዎች እንዲህ ያለውን ጉዞ ማቀድ ያለብን ከመመለሻው ቀን ተነስተን ነው። ለምን እንደሆነ ከታች ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ ለእኛ ቅርቡ ቦታ የት ነው?

ጅቡቲ፣ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ። በተለይ አርታ ከሚባለው የባሕር ዳርቻ ፊት ለፊት ያለው ውሃ። ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ይኬዳል። ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። በእነዚህ ወራት ውሃው ፕላንክተን በሚባሉ ተንሳፋፊ ጥቃቅን ፍጥረታት ይሞላል፤ ዌል ሻርኮቹም እሱን ተከትለው ይመጣሉ። እዚያ የሚታዩት አብዛኞቹ ወጣት ወንዶች ናቸው፤ ከ3 እስከ 5 ሜትር ቢሆኑ ነው። ሙሉ በሙሉ ያደገው ከ12 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሌላው አማራጭ የታንዛኒያዋ ማፊያ ደሴት ናት፤ እሷ ግን ራቅ ትላለች።

ጥያቄ፦ ስኩባ አልተማርኩም። ቀረብኝ ማለት ነው?

ኧረ አልቀረብህም ወንድሜ! ታጁራ ላይ ዌል ሻርክ የሚታየው በአብዛኛው በማስክ (በውሃ መነጽር) እና በስኖርክል (በአፍ በሚያዝ የመተንፈሻ ቱቦ) ነው። የሚበላው ከውሃው ወለል አጠገብ ስለሆነ ወደ ታች መውረድ አያስፈልግም። እንዲያውም ጋን ተሸክሞ ከሚንቀራፈፈው ጠላቂ ይልቅ ስኖርክል ያደረገው በደንብ ያየዋል። ስኩባ የምትማር ከሆነ ለኮራሉና ለሌላው ዓሣ ብለህ ተማር። እሱም ቢሆን ግሩም ነው።

ጥያቄ፦ እንደ ዮናስ ብዋጥስ? የምሬን ነው የምጠይቀው።

የምርሽን እንደሆነ ገብቶኛል እህቴ፤ ብዙ ሰው ይህንን ይፈራል። ዌል ሻርክ አፉ ከአንድ ሜትር በላይ ይከፈታል። ጉሮሮው ግን ጠባብ ነው፤ ሰው አያሳልፍም። ምግቡ ፕላንክተን፣ የዓሣ እንቁላልና ጥቃቅን ዓሦች ናቸው። ውሃውን ስቦ ያስገባና አጥልሎ በስንጥቡ ያስወጣዋል። በዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፤ ሰው ግን አያድንም። ልትጠነቀቂ የሚገባው ከጅራቱ ነው። ሳያስበው ቢመታሽ ያሳምማል።

ጥያቄ፦ ዋና አልችልም። እስከ ኅዳር ድረስ ጣና ላይ ብለማመድስ?

ጣና ላይ አይሁን። ሐይቁን እንደማንኛችሁም እወደዋለሁ። ዳርና ዳሩ ላይ ግን ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛው ተውሳክ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፍና በቆዳ ይገባል። እስካሁን ገብታችሁበት ከሆነ ሽንትና ሰገራ ተመርመሩ፤ መድኃኒት አለው። ጉማሬውን ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም። ልምምዱን መዋኛ ገንዳ ባላቸው ሆቴሎች አድርጉት፤ ከፍለው ለሚገቡም የሚፈቅዱ አሉ።

ግቡ ፍጥነት አይደለም። ፊት ውሃ ውስጥ ነክሮ በስኖርክል ቀስ ብሎ መተንፈስ፣ ሳይደናገጡ መንሳፈፍ፣ በእግር መቅዘፊያው ረጅምና የተረጋጋ ምት መምታት ነው። ገንዳ ውስጥ 200 ሜትር ሳታቋርጡ ከዋኛችሁና 10 ደቂቃ ከተንሳፈፋችሁ ጥሩ መሠረት አላችሁ። የስኩባ ኮርስም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ክፍት ባሕር ላይ ማዕበል አለ፣ ጥልቁም ከእግራችሁ ሥር ነው፤ ስለዚህ ላይፍ ጃኬት መልበስ አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ ጣና ውስጥ ራሱ ስኩባ ቢጠለቅስ?

አልመክርም። ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ወይም 15 ሜትር ነው፤ ውሃው ደፍራሽ ነው፤ የቀረውን ከላይ ተናግሬያለሁ። ሻርክም የለውም። ጭስ ዓባይ ፏፏቴ የጣናን ዓሦች ከታችኛው ዓባይ ለይቷቸው ይኖራል።

ጥያቄ፦ ጾም አለብኝ። የትኛው ሳምንት ይሻለኛል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ወቅቱ ከጾመ ነቢያት ጋር ይገጥማል። ጾሙ ኅዳር 15 ገብቶ በገና ይፈታል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀምሱ ፀሐይ ላይ ጀልባ ውስጥ መዋል ከባድ ነው። ለሚጠልቅ ሰው ደግሞ የውሃ ጥም አደጋ ይጨምራል። እኔ የምመርጠው ከገና ማግስት እስከ ከተራ ያለውን ጊዜ ነው። ወቅቱ ገና አላለፈም፤ ለጥምቀትም ቤታችሁ ትደርሳላችሁ።

ጥያቄ፦ ከጠለቅኩ በኋላ አውሮፕላን መሳፈር አይቻልም አሉኝ። በባቡር ብመለስ ችግሩ ይቀራል?

አይቀርም። እባካችሁ ይህንን ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ጥልቅ ውሃ ውስጥ ግፊት ስላለ ከምንተነፍሰው አየር ናይትሮጅን ወደ ደማችንና ወደ ሥጋችን ይሟሟል። ስንወጣ ቀስ እያለ ይለቃል። ግፊቱ ቶሎ ከቀነሰ ግን የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ይሠራል። መገጣጠሚያ ያማል፣ እጅ እግር ይደነዝዛል፣ ያዞራል፤ ሲብስ ሽባ ያደርጋል።

የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ሊስተካከል ይችላል። አሁን የእኛን አገር ተመልከቱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። የጠረፍ ከተማ ሰው ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ባሕር ጠለል ይመለሳል፤ እኛ ግን ወርደንም እዚያው ከፍታ ላይ ነን። ባቡሩም ጅቡቲ ካለው ነጋድ ጣቢያ ተነስቶ በድሬዳዋና በአዳማ አድርጎ ለቡ ሲደርስ ያንኑ ከፍታ ወጥቷል። መሬት ላይ መሄዱ አያድንም። መኪናም እንደዚያው።

ለአውሮፕላን የተለመደው ምክር አንድ ጊዜ ብቻ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ደጋግመው ወይም ብዙ ቀን ከጠለቁ ቢያንስ 18 ሰዓት መቆየት ነው። ለባቡርም ለመኪናም ያንኑ ያዙ። እኔ ለአገራችን ሰው ሙሉ 24 ሰዓት እላለሁ፤ አንድ ሌሊት ጨምሮ ማደር ከሕመሙ ጋር አይወዳደርም። ቤት ከገባችሁ በኋላ ምልክቱ ከታየ "ያልፋል" ብላችሁ አትተኙ። ወደ ሆስፒታል ሂዱና "ስኩባ ጠልቄ ነበር" በሉ፤ ኦክስጅን እንዲሰጧችሁም ጠይቁ። ሐኪሙ ካልነገራችሁት ሊገምተው አይችልም።

በስኖርክል ብቻ ከሆነ ያያችሁት ይህ ሁሉ አይመለከታችሁም። በዚያው ምሽት ብትበሩም ችግር የለም።

ጥያቄ፦ ሁለቱንም ብፈልግስ?

እንግዲያው ቅደም ተከተሉ ዋናው ነገር ነው። ብዙ ሰው ዌል ሻርኩን ያስቀድምና ስኩባውን ለመጨረሻ ይተዋል። ገልብጡት። መጀመሪያ ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች አካባቢ ጥለቁ። ዌል ሻርኩን የመጨረሻዎቹ ሁለት ቀናት አድርጉት። በስኖርክል ስትዋኙ ሰውነታችሁ ናይትሮጅኑን እያራገፈ ነው፤ የምትባክን የእረፍት ቀን አትኖርም። ከጠለቃችሁ በኋላ ወደ አርታ በመኪና ከመውጣትም ጀልባ ይሻላል፤ የአርታ ከተማ ከባሕር ዳርቻው በላይ ተራራ ላይ ናት።

ሁለት ቀን ያልኩት በምክንያት ነው። የዱር እንስሳ ነው፤ በቀጠሮ አይመጣም። አንዱን ቀን ካጣችሁት ሌላው ይቀራችኋል።

ጥያቄ፦ ኮርሱ ስንት ቀን ይፈጃል? ልጄስ 11 ዓመቷ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ሦስት ወይም አራት ቀን ይወስዳል። ለአዋቂ እስከ 18 ሜትር ያስጠልቃል። ከ10 ዓመት ጀምሮ ለልጆች የሚሰጥ አለ፤ ለእነሱ ጥልቀቱ ያንሳል። አስም፣ የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም የጆሮ ችግር ያለበት ከቤት ሳይወጣ ሐኪም ያማክር። ነፍሰ ጡር አትጠልቅም።

ጥያቄ፦ ሰው ጀርባው ላይ ተቀምጦ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ። ይቻላል?

አይቻልም። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሳይ ያመኛል። ይህ እንስሳ በ2016 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት ዝርያዎች ጎራ ተመድቧል። ለመራባት እስኪደርስ ከ20 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። ታጁራ ላይ የምናያቸው ደግሞ ገና ወጣቶች ናቸው፤ ሲበሉ ካስደነገጥናቸው ምግባቸውን ትተው ይጠልቃሉ።

ከጀልባ ስትወርዱ ዘላችሁ አትንቦጫረቁ፣ ቀስ ብላችሁ ተንሸራተቱ። ከጎኑ ዋኙ፤ ፊቱን አትዝጉበት። ከአካሉ 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር ራቁ። አትንኩት፤ የካሜራ ፍላሽ አታብሩ። ጀልባ ነጂውም ላይ ዓይናችሁ ይኑር። የሞተር መቅዘፊያ የቆረጣቸው ጠባሳ ያለባቸው ዌል ሻርኮች አሉ። ስለዚህ ስትዋዋሉ "በዝግታ ነው የምትነዳው? ስንት ሰው ባንድ ጊዜ ታስገባለህ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ካላማራችሁ ሌላ ፈልጉ፤ ዋጋ ብታክሉም ይሁን።

ፎቶ ካነሳችሁ ከስንጥቡ በስተኋላ ያለውን ግራ ጎኑን አንሱ። ነጠብጣቡ የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። ሻርክቡክ ወደሚባለው የመረጃ ቋት ብትልኩት ተመራማሪዎች ያንኑ እንስሳ ከዓመት ዓመት ይከታተሉበታል።

ጥያቄ፦ ገንዘቡና ወረቀቱስ?

ጅቡቲ ርካሽ አይደለችም። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር ወደ 177 ፍራንክ ነው። ትልቁ ወጪ ጀልባው ስለሆነ ተሰባስባችሁ ብትሄዱ ይቀላችኋል። ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የቪዛውን ደንብ ከኤምባሲው አረጋግጡ። ማስክ ግን የራሳችሁን ግዙ፤ ፊታችሁ ላይ ልክ የማይሆን ማስክ ቀኑን ያበላሸዋል።

ጥያቄ፦ ምን ልልበስ?

እጅጌው ረጅም የሆነ የመዋኛ ልብስ። ከፀሐይ ያድናል፣ ለአገሩ ባህልም ይመቻል። ውሃው ሞቃት ነው።

ጥያቄ፦ ወባስ አለ?

አለ፤ ከተማው ውስጥም ጭምር። መከላከያ መድኃኒት ስትወስዱ እንደምትጠልቁ ለሐኪሙ ንገሩት። ሜፍሎኪን የሚባለው ማዞርና መረበሽ ስለሚያመጣ ለጠላቂ አይመከርም፤ ሌላ ይቀይርላችኋል።

ጥያቄ፦ ጉንፋን ቢይዘኝ ልጥለቅ?

አትጥለቅ። ጆሮህ ግፊቱን ማስተካከል ካልቻለ ታምቡሩ ሊቀደድ ይችላል። አፍንጫህ እስኪከፈት ጠብቅ፤ ስኖርክሉን ግን ትኩሳት ከሌለህ አትቅርበት።