በእንግሊዝኛ ከቨር ሌተር እንዴት ልጻፍ ላልሽው እህት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን አይቼዋለሁ። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ፣ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሁለት ዓመት ሠርተሽ፣ አሁን ኤንጂኦዎች (መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች) በሚያወጡት የፋይናንስ ኦፊሰር ማስታወቂያ ላይ እያመለከትሽ ነው። የሚደውልልሽ ግን ጠፋ። «ከቨር ሌተሩን በእንግሊዝኛ እንዴት ልጻፈው? ቻትጂፒቲ ይጻፍልኝ ወይ?» ነው ያልሽው። እኔ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ስለምሠራ እነዚህን ከሥራ ማመልከቻ ጋር የሚላኩ ደብዳቤዎች ሳነብ ነው የምውለው። ያየሁትን ልንገርሽ።

የሚመጡልን ደብዳቤዎች በአብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው። ሁሉም ታታሪ ነው፣ ሁሉም ከሰው ጋር ተግባብቶ ይሠራል፣ ሁሉም የሥራ ጫና ይችላል። አንብቤ ስጨርስ ስለ ሰውየው የማውቀው ነገር የለም። ሌላው ደግሞ እንደ ቀበሌ ማመልከቻ ይጻፋል። ችግሩን ይዘረዝርና ትብብር እንዲደረግለት በትህትና ይለምናል። ቀጣሪው ግን የሚሠራለት ሰው ጎድሎበት ነው ማስታወቂያ ያወጣው። ማወቅ የሚፈልገው ሥራውን ትችይው እንደሆነ ነው።

ስለዚህ ከማስታወቂያው ተነሺ። ከተዘረዘሩት ኃላፊነቶች በደንብ የሠራሽውን ሁለት ወይም ሦስት ምረጪና ምን እንዳደረግሽ ተናገሪ። ለምሳሌ ደመወዝ ማዘጋጀት የሚል ካለ፣ የስንት ሠራተኛ ደመወዝ ትሠሪ እንደነበር ጻፊ። የሠራተኛውን 7 በመቶና የአሠሪውን 11 በመቶ የጡረታ መዋጮ በየወሩ አስልተሽ ታሳውቂ ከነበረ እሱንም ጨምሪ። የባንክ ሪኮንሲሌሽን (የድርጅቱን መዝገብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር) ከሆነ፣ ስንት ሒሳብ ነበር? በፒችትሪ የሒሳብ ሶፍትዌር ነው የምትመዘግቢው ወይስ በኤክሴል? ቁጥሩ ትንሽ ነው ብለሽ አትተይው። የ15 ሠራተኛ ደመወዝ ብቻዋን የምትሠራ ልጅ ከ«ታታሪ ነኝ» በላይ ትታየኛለች።

የኤንጂኦ ልምድ የለኝም ብለሽ ደግሞ ይቅርታ አትጠይቂ፣ እባክሽ። ኤንጂኦ ቤት እያንዳንዱ ወጪ በፕሮጀክቱ በጀት ላይ ይመዘገባል፣ ደረሰኙ ተሟልቶ ፋይል ይደረጋል፣ ኦዲተር መጥቶ ያየዋል። አንቺም ለውጭ ኦዲተር ሰነድ አዘጋጅተሽ አቅርበሽ ከሆነ በትክክል የሚፈለገውን ሠርተሻል። እሱን ፊት ለፊት አምጪው።

አጻጻፉ ብዙ አያስጨንቅሽ። አንድ ገጽ ይበቃል። የሚቀበለውን ሰው ስም ካላወቅሽ «ዲር ሃየሪንግ ማናጀር» በይ። አንባቢዋ ሴት ልትሆን ትችላለችና «ሰር» ብቻ አትበይ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ላይ የሥራ መደቡን፣ ማስታወቂያው መለያ ቁጥር ካለው እሱንም ጻፊ። ደመወዝ ካልተጠየቅሽ አታንሺ።

ዓመቱን ግን አደራ። ሐምሌ 2013 የተመረቀ ሰው በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ጁላይ 2021 ማለት አለበት። 2013 ብሎ ከተወው የውጭ ዜጋ የሆነ ኃላፊ ተጨማሪ ስምንት ዓመት ይቆጥርለታል፤ ኋላ ማስረጃው ሲታይ የዋሸ ይመስላል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ድረስ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ መጨረሻ 8 ትደምሪያለሽ። ሲቪሽ ላይ ያለውም ከደብዳቤው ጋር ይግጠም።

ቻትጂፒቲን በተመለከተ፣ ሰዋስው እንዲያርምልሽ ተጠቀሚበት። ከባዶ ጻፍልኝ ካልሽው ግን ሌላውም የሚልከውን ያንኑ ደብዳቤ ነው የሚሰጥሽ፤ ያልሠራሽውንም ሊጨምርልሽ ይችላል። ኢንተርቪው ላይ «እስቲ ይሄን አብራሪልን» ሲሉሽ ምን ትያለሽ? መጀመሪያ በአማርኛ የሠራሽውን ለጓደኛ እንደምታወሪ ጻፊው። ከዚያ በአጫጭርና ቀላል እንግሊዝኛ መልሺው። ከባድ ቃል አንፈልግም፤ የሚገባን ነገር ነው የምንፈልገው።

ስትልኪ ፒዲኤፍ አድርጊው፣ የፋይሉ ስም ላይ ስምሽና የሥራ መደቡ ይኑር። የኢሜይሉን ርዕስ ባዶ አትተይ።

ረቂቁን ስትጨርሺ ስምሽንና የድርጅቱን ስም አጥፍተሽ እዚሁ ለጥፊው። የምታመለክቺበትን ማስታወቂያም አብረሽ አስቀምጪ፤ ሁለቱን አስተያይቼ የጎደለውን እነግርሻለሁ።